አዲስ ድሬድ ሲታጠብ እንዳይፈታና እንዳይተበተብ፦ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ 5ኛው ወር የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

የሚታጠበው ጸጉር ሲሳብ ከኋላ 14፣ ከፊት 9 ሴንቲሜትር ነው። አብዛኛው ጠበቅ ያለ ከርዳዳ ሲሆን የግንባሩ ዳር ብቻ ለስለስ ይላል። በጠቅላላው 92 ዘለላ ወጥቶለታል፤ የእያንዳንዱ መሠረት 2.5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው አራት ማዕዘን ነው። ከጆሮ ወደ ኋላ ያሉት 60ዎቹ በሁለት የተገመዱ ናቸው። ከጆሮ ወደ ፊት ያሉት 32 ለመገመድ ስላጠሩ በማበጠሪያ ጫፍ ተጠቅልለው ቁንዳላ ሆነዋል።

የአሠራሩ ዓይነት እዚህ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። ድሬዱ በምን ዘዴ እንደተጀመረ ሳይታወቅ እጥበት ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አይቻልም። ከኋላ ያለው እያንዳንዱ ክፋይ ለብቻው ወደ ቀኝ ተጠምዝዞ ሁለቱ እርስ በርስ ወደ ግራ ተገምደዋል፤ አንዱ ሊፈታ ሲሞክር ሌላውን ያጠብቀዋል፣ ገመድም የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁንዳላው ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የዞረ ነው፤ የሚከለክለው ነገር የለም፣ ስለዚህ ከሁሉም ቀድሞ ይፈታል። በሹሩባ የተጀመረ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም የተሻለ ይቆይ ነበር። በማሾለኪያ (የዘለላውን ጫፍ በሥሩ መሃል በሚያሳልፍ መሣሪያ) ሥሩ ላይ የተቆለፈ ድሬድ ደግሞ ውኃ ብቻውን አይፈታውም፤ እሱ የሚፈልገው ጥበቃ ከመተብተብ ነው።

ውኃ ምን ያደርጋል? ደረቅ ጸጉር የተሰጠውን ቅርጽ ይዞ የሚቆየው በከፊል በውስጡ ባለው የሃይድሮጅን ትስስር ነው። ጸጉሩ ሲርስ ይህ ትስስር ይላቀቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ በዚያች ሰዓት ባለበት ቅርጽ ተመልሶ ይያያዛል። በዚያ ላይ እርጥብ ጸጉር ያብጣል፣ በቀላሉም ይለጠጣል። እንግዲህ አዲስ ድሬድ የሚበላሸው ረጥቦ ሳለ ሲንቀሳቀስ፣ ከዚያም በተንቀሳቀሰበት ሁኔታ ሲደርቅ ነው። የዚህ ሥራ ዓላማም ሁለት ነው፦ እርጥቡን ጸጉር አለማንቀሳቀስ፣ ሲደርቅም በያዘው ቅርጽ ላይ ማድረቅ።

መተብተብን በጥቅሉ መፍራት ግን አይገባም። ድሬድ ድሬድ የሚሆነው በመተብተብ ነው። ችግሩ ቦታው ላይ ነው፦ መተብተቡ በአንዱ ዘለላ ውስጥ ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው፤ በሁለት ዘለላዎች መካከል ከሆነ ግን ሥራው እየተበላሸ ነው።

1ኛና 2ኛ ሳምንት

ጸጉሩ አልረጠበም። የራስ ቆዳው ግን አልተተወም፦ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በጣት ላይ ተጠቅልሎ፣ በለብታ ውኃ ነክሮ በደንብ ተጨምቆ በመክፈያ መስመሮቹ ላይ ብቻ በቀስታ ይሄዳል። አንድ መስመር አንዴ ብቻ፤ ወዲያና ወዲህ መፈተግ የለም። በዚህ ላብና ላይ ላዩን ያለ ቅርፊት ይነሳል፣ የተጠቀለለው ጸጉርም አይነካም። ሌሊት ላይ የሳቲን ሻሽ ይታሰራል።

"አዲስ ድሬድ ለሁለት ለሦስት ወር ውኃ አይንካው" የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። አንስማማም። ታጥቦ የማያውቅ ቆዳ ያሳክካል፤ ያሳከከውን ሰው ደግሞ አትከክ ማለት አይቻልም፣ ማከኩም ከአንድ ጥሩ እጥበት ይልቅ ሥሩን ይፈታል። ከ2 እስከ 4 ሳምንት መቆየት በቂ ነው። ፎረፎር ወይም ቁስል ካለ ደግሞ ያን ያህልም አይጠበቅም፤ የቆዳው ጤና ከዘለላው ቅርጽ ይቀድማል።

3ኛ ሳምንት፣ ከእጥበቱ በፊት፦ ፍተሻና ሙከራ

ዘለላዎቹ ሁሉ በደረቁ አንድ በአንድ ተዳሰሱ። ሥሩ ላይ የላላው ወይም ጫፉ የተከፈተው በቀይ ክር ምልክት ተደረገበት። ክሩ ከጸጉሩ ቀለም የተለየ መሆን አለበት፤ ጥቁር ክር ጥቁር ጸጉር ውስጥ ከተረሳ ከድሬዱ ጋር አብሮ ይቆለፍና አይወጣም። ወረቀት ላይ የራሱ ቅርጽ ተሥሎ ረድፎቹ ተቆጠሩ፣ አቅጣጫውም ተጻፈ፦ ከኋላ ወደ ግራ፣ ከፊት ወደ ቀኝ። ይህ ወረቀት፣ ማለትም ካርታው፣ በኋላ የተፈታ ዘለላ ሲጠገን ያስፈልጋል። ወደ ቀኝ የዞረውን ወደ ግራ ማዞር ያለውን መፍታት ነውና።

ከዚያ ማጅራት ላይ ከሚገኙ 6 የተገመዱ ዘለላዎች እና ከጆሮ በላይ ካሉ 4 ቁንዳላዎች ሙከራ ተሠራ። በመርጫ ጠርሙስ ለብታ ውኃ እስኪንጠባጠብ ተረጨ፣ ሻምፖ የለም።

የማጅራቱ 3ቱ አልታሰሩም፤ የሁለቱ ጫፍ እስከ 3 ሴንቲሜትር ተከፈተ። ሌሎቹ 3 አንድ ላይ ታስረው ስለነበር ምንም አልሆኑም። ቁንዳላዎቹ ላይ የታየው ነገር ግን ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። እያንዳንዱ ቁንዳላ ጫፉ ላይ ለብቻው ትንሽ ላስቲክ ተደርጎለት ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ተፈቱ። ላስቲኩ እንደታሰረ ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ጥቅል ግን ላልቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጫፉ በነጻነት መዞር እስከቻለ ድረስ ቁንዳላው ላስቲኩን ይዞ ይዞራል። ላስቲክ ጫፍን ይሰበስባል እንጂ መዞርን አይከለክልም። መዞርን የሚከለክለው ጎረቤት ነው። ሁለቱ ቁንዳላዎች ከሌሎቹ ሁለት ጋር አንድ ላይ ሲታሰሩ ማንኛቸውም ለብቻቸው መዞር ስላልቻሉ በሁለተኛው ርጭት ቅርጻቸውን ያዙ።

ከዚህ ሙከራ በኋላ እያንዳንዱን ጫፍ ለየብቻ ማሰር ቀረ። ሥራው ሁሉ በእስር፣ ማለትም ጥቂት ዘለላዎችን አንድ ላይ በማሰር፣ ሆነ።

3ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው ሙሉ እጥበት

እስሮቹ። የኋላው 60 በ5 በ5 ተመድቦ 12 እስር፣ የፊቱ 32 በ4 በ4 ተመድቦ 8 እስር ወጣው። የኋላው እያንዳንዱ እስር 2፣ 2 እና 1 ዘለላ ሆኖ በልል ሹሩባ ተጎነጎነ። ከሥሩ 2 ሴንቲሜትር ያህል ሳይጎነጎን ይቀራል፤ ያ ክፍተት ከሌለ ጣት ወደ ቆዳው አይገባም፣ ሥሩም ይወጠራል። ጫፉ ላይ፣ ከመጨረሻው 1.5 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቀጭን የጸጉር ላስቲክ 2 ጊዜ ዞረ። የፊቶቹ ለመጎንጎን አጭር ስለሆኑ ጎን ለጎን ተኝተው በሁለት ቦታ ታሰሩ፦ አንዱ ጫፉ አጠገብ፣ ሌላው መሃል ላይ።

የላስቲኩ ጥብቀት በደረቁ ሲታይ ላላ ያለ መምሰል አለበት። የባለ ጭራ ማበጠሪያ ጭራ በላስቲኩ ሥር ሳይገፋ ማለፍ ከቻለ ልኩ ነው። ጸጉር ሲርስ ስለሚያብጥ በደረቁ ጥብቅ ያለው ላስቲክ በእርጥቡ ይቆርጣል። ራቁቱን ያለ ቀጭን የጎማ ላስቲክ አይመከርም፤ እርጥብ ጸጉር ላይ ተጣብቆ ሲወጣ የጫፉን ጸጉር ይዞ ይመጣል። ሌላ ከሌለ ሲወጣ በትንሽ መቀስ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት።

የግንባሩ ዳር ጸጉር ቀጭን ነው። እስሩ ወደ ኋላ ተጎትቶ ከታሰረ ሥሩ ላይ ያለው ጭነት ከድሬዱ ክብደት በላይ ይሆናል፤ ይህ በየጊዜው ሲደጋገም የግንባር ጸጉር ይሳሳል። ስለዚህ የፊቶቹ እስሮች በበቀሉበት አቅጣጫ፣ ወደ ግንባር ተኝተው ነው የታሰሩት።

ስቶኪንግ። ከስስ ስቶኪንግ አንድ እግር 30 ሴንቲሜትር ያህል ተቆርጦ፣ አንዱ ጫፍ ተቋጥሮ እንደ ቆብ ተጠለቀ። ጥቅሙ እስሮቹን በራሱ ላይ ተጭኖ መያዙ ነው፤ ውኃና አረፋ ያልፋል፣ ዘለላው ግን አይዋኝም። ጉዳቱም አለ፦ አረፋን ከሥሩ ይደብቃል። ስለዚህ ለመጨረሻው ማለቅለቅ ይወልቃል።

ሻምፖው። 20 ሚሊ ሊትር ሻምፖ ከ180 ሚሊ ሊትር ለብታ ውኃ ጋር፣ ጫፉ ሹል በሆነ ጠርሙስ። ወፍራም ሻምፖ አንድ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ለማሰራጨት መፈተግ ያስገድዳል፤ የቀጠነው ራሱ ይሰራጫል፣ ቶሎም ይለቃል። ለአንድ እጥበት የሚበቃ ብቻ ይዘጋጅ፤ የተረፈው ይደፋ። ሻምፖ ውኃ ሲገባበት መከላከያው ስለሚሳሳ ለቀናት ከተቀመጠ ጀርም ያፈራል።

ኮንዲሽነር ፈጽሞ አልገባም። "ሁለት በአንድ" የሚባለው ሻምፖም እንዲሁ። የኮንዲሽነር ሥራ የጸጉርን ቅርፊት (የእያንዳንዱን ጸጉር የላይኛ ሽፋን) አለስልሶ አንዱ በሌላው ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው፤ ሹሩባ ለሚፈታ ሰው መልካም ነው፣ እዚህ ግን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። መለያው ላይ ዳይሜቲኮን (ጸጉርን የሚያለሰልስ የሲሊኮን ዓይነት) የሚል ካለ ይለፍ። የልብስም ሆነ የገላ ደረቅ ሳሙና አይሆንም፦ ካልሲየም ከበዛበት ውኃ ጋር ተገናኝቶ የማይለቅ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፣ ዝቃጩም ዘለላው ውስጥ ይቀራል።

አቋቋም። ቆሞ፣ ራስን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ። ውኃው ከሥር ወደ ጫፍ፣ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ መውረድ አለበት። ሳፋ ላይ ማጎንበስ ከማጅራት ወደ ግንባር የሚወርድ ውኃ ይፈጥራል፤ የኋላው ሁሉ ተገልብጦ በፊቱ ላይ ይወድቃል፣ እዚያው ይጠላለፋል። በሳፋ ብቻ መታጠብ የሚቻል ከሆነ ጀርባን ለሳፋው ሰጥቶ ማጅራትን ጠርዙ ላይ ማሳረፍ፣ ሌላ ሰውም በጆግ ቀስ እያለ ማፍሰስ ይሻላል። ሻወር ከሆነ ግፊቱ ዝቅ ይበል፣ ከራሱም አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ።

አስተጣጠቡ። 2 ደቂቃ ማርጠብ። ከዚያ የጠርሙሱ ጫፍ በስቶኪንጉ ላይ በመክፈያ መስመሮቹ አቅጣጫ ይሄዳል። ጣት ቆዳው ላይ ያርፋል፣ ይጫናል፣ ቆዳውን ይዞ በትንሹ ይንቀሳቀሳል፤ ጣቱ ራሱ ቆዳው ላይ አይንሸራተትም። ልዩነቱ ሲነበብ ትንሽ ይመስላል፣ ግን የሥር መተብተብን የሚወስነው ይህ ነው። ጣት እየዞረ ሲፈትግ በመሠረቶቹ መካከል ያለውን ብትን ጸጉር ከአንዱ ወደ ሌላው እየገመደ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ 10 ሰከንድ ያህል፣ ከዚያ ጣት ተነስቶ ወደ ቀጣዩ። ጥፍር የለም።

ዘለላዎቹ ለብቻቸው ሻምፖ አልተቀቡም። ከሥሩ የሚወርደው አረፋ ይበቃቸዋል፤ እስሩ በመዳፍ ከላይ ወደ ታች ሦስት አራት ጊዜ ጨመቅ፣ ለቀቅ ይደረጋል።

ማለቅለቁ 5 ደቂቃ ፈጀ፤ መጀመሪያ ስቶኪንጉ እንዳለ፣ ኋላ ወልቆ። ውኃው ጥርት ብሎ መውረዱ ብቻ አይበቃም፤ አንድ እስር ሲጨመቅ አረፋ ካልወጣ ነው ያለቀው።

ማድረቅ። የቆየ የጥጥ ከነቴራ ተጠቅልሎ ተጨመቀ። ሸካራ ፎጣ ቀለበት ቀለበት ያለው ክሩ ብትኑን ጸጉር ይይዛል፣ ብናኙንም ይተዋል፤ አዲስ ድሬድ የዋጠውን ብናኝ ደግሞ በኋላ ማውጣት ከባድ ነው። ጠምዝዞ መጭመቅ ክልክል ነው። ጠምዛዡ እጅ ከዘለላው በተቃራኒ ከዞረ በአንድ ጊዜ ይፈታዋል።

እስሮቹ አልተፈቱም። ትስስሩ ተመልሶ የሚይዘው ሲደርቅ ስለሆነ ይህ ሰዓት የጥበቃው ሁሉ ቁልፍ ነው፤ እርጥቡን እስር መፍታት እስካሁን የተደረገውን ማፍረስ ነው። ካስክ በመካከለኛ ሙቀት 40 ደቂቃ። ፎን በእጅ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ከሥር ወደ ጫፍ ብቻ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት። የተጎነጎነው እስር መሃሉ ዘግይቶ እንደሚደርቅ ስለሚታወቅ ከላይ ደረቅ ቢመስልም ሌላ 20 ደቂቃ በአየር ተተወ።

ውጤት። ከኋላ ካሉት 60 ውስጥ የ2ቱ ጫፍ ተከፍቷል። ከፊት ካሉት 32 ውስጥ 5ቱ ላልተዋል፤ ሁሉም ከግንባሩ ዳር፣ ለስላሳው ጸጉር ካለበት ናቸው። መሃል አናት ላይ ደግሞ በ3 ቦታ ጎረቤት ሥሮች ተያይዘው ተገኙ። የእስር ካርታው ላይ ሲታይ ሦስቱም ከሁለት የተለያዩ ረድፎች ዘለላ የወሰዱ እስሮች ናቸው፤ ዘለላው በሰያፍ ሲሳብ በመሃል ያለውን ጸጉር ተሻግሮ ተኛበት፣ ውኃው ሲመጣም አብሮ ተገመደ።

ጥገና፣ በዚያው ቀን

የተያያዙት ሥሮች የሚለያዩት ትንሽ እርጥበት ሲቀራቸው ነው። በጣም እርጥብ ከሆኑ ጸጉሩ ይለጠጣል፣ ሙሉ በሙሉ ከደረቁ ይበጠሳል። ሁለቱ ዘለላዎች ከቆዳው 1 ሴንቲሜትር ከፍ ብለው በሁለት እጅ ጣት ተይዘው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይለያያሉ። የሚሻገር ጸጉር ሲታይ ከየትኛው መሠረት እንደበቀለ ታይቶ ወደዚያው በማበጠሪያው ጭራ ይመለሳል። ማበጠሪያ በጥርሱ አይገባም፣ መቀስም እዚህ ቦታ የለውም። ይህን ከእጥበት በኋላ በዚያው ቀን መሥራት የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ለወራት ከተተወ ግን ሁለቱ ዘለላዎች ከሥር አንድ ይሆናሉ፣ ያኔ መለየት ማለት መቅደድ ነው።

የተከፈቱት 7 ዘለላዎች ብቻ በካርታው አቅጣጫ እንደገና ተጠቀለሉ። ለእያንዳንዱ የአተር ፍሬ የማታክል የእሬት ጄል፤ ጫፉ በጣት ላይ ተጠቅልሎ በሞሌታ ተያዘና ደረቀ። ሁሉንም 92 በየእጥበቱ መጠቅለል አያስፈልግም፣ ይጎዳልም። በጣም የተደጋገመ መጠቅለል ሥሩን ያቀጥናል፤ 4 ሳምንት ሳይሞላ ሙሉ ጥቅለላ ባይደገም ይመረጣል።

5ኛ ሳምንት

እስሮቹ በሙሉ በአንድ ረድፍ ውስጥ ብቻ ተመደቡ። ቁጥራቸው ከ20 ወደ 23 ከፍ አለ፤ ጥቂት ሦስት ሦስት ብቻ የያዙ አሉ፣ ግድ የለም። ስቶኪንግ ከፊት ብቻ። መሃል አናት ላይ የተያያዘ ሥር አልተገኘም። ከፊት 4 ላልተዋል፣ ከኋላ ምንም።

ዘለላዎቹ መንጨባረር ጀምረዋል። ይህ ሲታይ ጄል አብዝቶ ማስተኛት ያሰኛል፤ ባይደረግ ይሻላል። ከዘለላው የሚወጣው ብትን ጸጉር በኋላ ተመልሶ የሚጠላለፈው እሱ ነው። በየቀኑ ከራስ የሚረግፈውም ጸጉር ከእንግዲህ አይወድቅም፣ እዚያው ዘለላው ውስጥ ቀርቶ አካሉ ይሆናል። በጄል የታሸገ ዘለላ ውስጡ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ አይቆለፍም።

7ኛ ሳምንት

ከእጥበቱ በኋላ ሥሩ አካባቢ ነጭ ቅንጣት ታየ። ፎረፎር ነው ወይስ የጄል ቅሪት? መለያው ቀላል ነው፦ አንዱ እርጥብ ዘለላ በነጭ ጨርቅ ተይዞ ተጨመቀ። የወጣው ውኃ ወተት መሳይና የሚያዳልጥ ስለነበር ቅሪት ነው፤ ቆዳው ደግሞ አልቀላም፣ አላሳከከም። ፎረፎር ቢሆን ቅርፊቱ በመክፈያ መስመሩ ቆዳ ላይ ነበር የሚታየው፤ ያኔ 2 በመቶ ኬቶኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ያለበት ሻምፖ ሳይቀጥን ቆዳው ላይ ብቻ ተደርጎ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ይለቀለቃል።

ለቅሪቱ የተወሰደው እርምጃ፦ ሻምፖው በ180 ምትክ በ120 ሚሊ ሊትር ውኃ ቀጠነ፣ ሁለት ዙር ታጠበ፣ ማለቅለቁ ወደ 8 ደቂቃ ረዘመ። ቤኪንግ ሶዳ አልተነካም፤ ፒኤቹ ከ8 በላይ ስለሆነ የጸጉሩን ቅርፊት ያነሳል፣ የራስ ቆዳን ያደርቃል። ከዚያ ወዲህ ጄል ከእጥበት በፊት ጨርሶ አይደረግም፣ ከእጥበት በኋላም ለላላው ዘለላ ብቻ ነው። እንደታሰበው በቀጣዩ እጥበት ቅንጣቱ ጠፋ።

የመጀመሪያው ሙሉ ጥቅለላም በዚህ ሳምንት ተሠራ። ቅደም ተከተሉ ታጥቦ፣ ትንሽ እርጥበት እስኪቀረው ደርቆ፣ ተለያይቶ፣ ከዚያ ሥሩ ብቻ በመርጫ ረጥቦ ነው። ታጥቦ ሳይለያይ ከተጠቀለለ የጎረቤቱ ጸጉር አብሮ ይጠቀለላል፣ መተብተቡም በእጅ ይታተማል።

11ኛ ሳምንት

የማጅራት ዘለላዎች መሃላቸው ላይ አብጠዋል። በጣት ሲጨበጡ ትንሽ ጠጠር ያለ ቋጠሮ ይሰማል፤ የሚጠበቀው ምልክት ይህ ነው፣ ውስጡ መተብተብ ጀምሯል። ርዝመቱ ከበፊቱ ያነሰ ይመስላል፤ ጸጉሩ ወደ ውስጥ ስለተሰበሰበ እንጂ ስለተቆረጠ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ጥበቃው መቀነስ አለበት፤ ብዙዎች የሚያልፉትም ይህን ነጥብ ነው። እስር ውስጥ የሚታጠብ ዘለላ ውስጡ ያን ያህል ስለማይነቃነቅ ለመቆለፍ ይዘገያል። በተጨማሪ ላስቲክ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከታሰረ እዚያ ቀጭን ወገብ ይወጣል፣ ድሬዱ ሲከብድም የሚበጠሰው በዚያው ነው። ቦታው በየእጥበቱ 1 ሴንቲሜትር እየተቀየረ የቆየው ለዚህ ነው።

መቀነሱ በአንዴ አልሆነም። ከማጅራት አንድ እስር ተፈትቶ ታጠበ፤ ጫፉ ስላልተከፈተ በዚያው ረድፍ ያሉት ሁሉ በቀጣዩ እጥበት ነጻ ሆኑ። ከዚያ ወደ ላይ አንድ አንድ ረድፍ። ጫፉ የተከፈተ ካለ ያ ረድፍ ለአንድ ዙር ተመልሶ ይታሰራል።

14ኛ ሳምንት

ከኋላ 60ው ሁሉም ያለ እስር ታጠቡ፣ የተፈታ የለም። አቋቋሙና የጣት አሠራሩ ግን አልተለወጠም፤ ሥሩ በወር 1 ሴንቲሜትር ከሩብ ገደማ አዲስ ጸጉር ያበቅላል፣ አዲሱ ደግሞ ሁልጊዜ ያልተቆለፈ ነው። የጫፉ ጥበቃ ያልቃል፣ የሥሩ አያልቅም።

ዋና ለሚዋኝ ሰው እዚህ ላይ የሚጨመር አለ። ከመግባት በፊት ጸጉሩ በንጹሕ ውኃ ይርጠብ፤ አስቀድሞ የጠጣ ጸጉር ክሎሪን ያለበትን ውኃ ያን ያህል አይስብም። ከዚያ እስር፣ በላዩ ቆብ። ሲወጣ ወዲያው ይለቀለቅ።

5ኛ ወር

ከፊት 26ቱ ያለ እስር ይታጠባሉ። የግንባሩ ዳር 6ቱ አሁንም ከሥር ይላላሉ። ለስላሳ ጸጉር ላይ መጠቅለል ብቻውን ስለማይበቃ እነዚህ 6 በማሾለኪያ ተቆለፉ፦ ጫፉ በሥሩ መሃል ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየተራ። በአንድ አቅጣጫ ደጋግሞ ማሾለክ ሥሩን ለሁለት ይከፍለዋል፣ መሃሉም ቀዳዳ ይሆናል። ከቆዳው እስከ መጀመሪያው ቁልፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልል ተተወ፤ እስከ ቆዳው የተጠበቀ ቁልፍ ያማል፣ ጸጉሩንም ከሥሩ ይነቅላል።

ጸጉሩ ሉጫ ወይም ሰፊ ጥቅል ያለው ሆኖ ወደ ኋላ በማበጠር ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጊዜ ይረዝም ነበር፤ እዚያ የሚፈታው ጫፍ ብቻ ሳይሆን ሥሩ ተንሸራትቶ ዘለላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ብትኑን ጸጉር በኪሮሽ መርፌ ወደ ዘለላው ማስገባቱም ከመጀመሪያው ወር ይጀምራል። የእስሩና የማድረቁ ሥርዓት ግን ያው ነው።

ቀጣይ፦ እጥበት በየ2 ሳምንቱ፣ ላብ የሚበዛበት ሰው በየሳምንቱ። ሻምፖው 20 በ120 ይቀጥላል። የተቆለፉት 6 ለሁለት እጥበት በ3 በ3 ታስረው ይታጠቡ፤ በሦስተኛው አንዱ እስር ተፈትቶ ይሞከር። ድሬዶቹ እየወፈሩ ስለሆነ የካስኩ ጊዜ ከ40 ወደ 60 ደቂቃ ይጨመር፣ መሃላቸው ሳይደርቅ ሻሽ አይታሰር።